የቦርጭ ማጥፊያ ገበያና የከተሜው ቀን

ጥር ሲቃረብ ስልካችን ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ መልኩን ይቀይራል። ከቬሎ ኪራይና ከሰርግ አዳራሽ መሐል «በ7 ቀን 5 ኪሎ» የሚል ብቅ ይላል። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ በግራ የተንጠለጠለ ሆድ፣ በቀኝ ቀጭን ወገብ። ፊት አይታይም። ከሥሩ «100% ተፈጥሯዊ»፣ «ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው»፣ «የቀረን ጥቂት ፍሬ ነው»፣ «ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው «በውስጥ መስመር» ነው። ጠያቂው ብዙ ነው፦ «ለምታጠባ ይሆናል?»፣ «ደም ግፊት ላለበትስ?»፣ «ክፍለ ሀገር ትልካላችሁ?»። ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «አዎ ውዴ፣ ደውይልኝ»።

ገዢውን «ሞኝ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚቀርቡ የጤና መሰናዶዎችም ብዙ ጊዜ ነገሩን እንዲሁ ይዘጉታል። ሰው ሰንፏል፣ አቋራጭ ወዷል፣ አፉን መቆጣጠር አቅቶታል፣ ስፖርት አይሠራም ይሉናል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። የማውቃቸው የዚህ ሸቀጥ ገዢዎች አብዛኞቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሲሯሯጡ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ቀኑ የነፈጋቸውን ነገር በብር ለማካካስ ነው የሚገዙት። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን የሸቀጡን ሒሳብ ላስቀድም፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ሆኖ ሳለ ሲሠራ አይታይምና።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል። መካከለኛ ቁመና ያላት ሴት በቀን 2,000 ካሎሪ ገደማ ታወጣለች። ይህች ሴት ለ7 ቀን ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምስ ብትሰነብት የሚጎድልባት 14,000 ካሎሪ ነው። ሁሉም ከስብ ይምጣ ብንል እንኳ 2 ኪሎ አይሞላም። እህል ሳይዞርባት ሰንብታ 2 ኪሎ ስብ ያላጣች ሴት፣ ምሳና እራቷን እየበላች በሻይ ብቻ 5 ኪሎ የምታጣው ከየት መጥቶ ነው?

ሚዛኑ ግን እውነትም ይቀንሳል። ገበያውን ያቆመውም ይኸው ነው። ሰውነት ለአስቸኳይ ወጪ የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ሰው እንጀራና ዳቦ ድንገት ሲያቆም ክምችቱ በጥቂት ቀን ይሟጠጥና ውኃውም አብሮት በሽንት ይወጣል። በዚህ ብቻ ሁለት ኪሎ ገደማ ሊጎድል ይችላል። ሱሪው ሰፋ ይላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ለሻጯ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» የሚል የድምፅ መልእክት ይላካል። እሑድ ዘመድ ቤት ምሳ ተበልቶ እስከ ማክሰኞ ኪሎው ቦታው ላይ ነው። ያን ጊዜ ሻይውን የሚወቅስ የለም፤ «እኔ ነኝ ያቃተኝ» ይባላል። ሲሠራ ምስጋናው ለሻጭ፣ ሳይሠራ ጥፋቱ ለገዢ የሚሆንበት ሌላ ንግድ አላውቅም። ደግሞ ያቃተው ሰው ተመልሶ ይገዛል።

ከእነዚህ የሻይ ማሸጊያዎች አንዱን ገልብጦ ማንበብ ደግ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠልና በሜትር የተለካ ወገብ አለ። ጀርባው በውጭ ቋንቋ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። አረንጓዴ ሻይ፣ የሎተስ ቅጠል እያለ ይወርድና ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ «ሴና» ይላል። እናቶቻችን የሚያውቁት፣ ሆድ ድርቀት ሲጠና የሚፈላው ሰናመኪ ማለት ነው። ያስቀምጣል። ሥራውም ይኸው ነው፤ ለዚህም ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው።

ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የምንበላው ምግብ ካሎሪ ግን አብዛኛው ቀደም ብሎ በትንሹ አንጀት ተመጦ አልቋል። ስለዚህ ቅጠሉ ጠርጎ የሚያወጣው ውኃውንና የተረፈውን ገለባ ነው። ቅባቱና ስኳሩ ከገቡ ቆይተዋል። ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ያደረ ሰው ጠዋት ሚዛን ላይ ቢቀል ምን ይደንቃል? ለሳምንታት ሲዘልቅ ግን ከውኃው ጋር ፖታሲየምም ይወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ለደም ግፊቱ ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ በእጥፍ ይደረባል። «ደም ግፊት ላለበትስ?» ያለችው ጠያቂ በትክክለኛው ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ ነበር፤ «አዎ ውዴ» ተባለች እንጂ።

ከሻይው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ እንክብሉ ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር። የልብና የደም ሥር ችግር ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለ ትልቅ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚያበዛ ስላሳየ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ እንዲወጣ ተደረገ። የወጣው ግን በስሙ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከዚያ ወዲህ «ከዕፅዋት የተዘጋጀ» እየተባሉ የሚሸጡ የክብደት መቀነሻ እንክብሎችን፣ ሻይዎችንና ቡናዎችን እየመረመረ፣ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ የተደበቀ ሲቡትራሚን እንዳገኘባቸው ደጋግሞ አስጠንቅቋል። «እውነትም ይሠራል፤ ረሃብ የሚባል ጠፋብኝ፣ ልቤ ትንሽ ይመታል እንጂ» የሚል ምስክርነት የሰማችሁ እንደሆነ ይህን አስታውሱ። ተራ ቅጠል በሁለት ቀን የሰው ረሃብ አይዘጋም። ከዱባይ በሻንጣ ገብቶ፣ ከሽቶና ከፀጉር ቅባት ጋር ቡቲክ ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጥ እንክብል ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ሻጯም አታውቅም። እሷም የምትዋሸው የተነገራትን ይዛ ሊሆን ይችላል።

ሰው በዚህ ጉዳይ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ለፈንጂ የሚውል ኬሚካል ሲነካካቸው ያልባቸው፣ ያተኩሳቸው፣ ይከሱ ነበር፤ የሞቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይኸው ኬሚካል ክብደት እንደሚቀንስ አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየሱቁ ይቸበቸብ ጀመር። ኬሚካሉ ሰውነትን ከውስጥ እያነደደ ነው የሚያከሳው። መጠኑ ትንሽ ከፍ ያለ እንደሆነ ትኩሳቱ የሚቆምበት የለውም። ብዙ ወጣት ሴቶች የዓይን ሞራ ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ሕግ በር ዘጋበት። ይህ ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው፤ ነገር ግን ኬሚካሉ ዛሬም በኢንተርኔት እየተገዛ ሰው ይገድላል።

ስለ መርፌዎቹ ዝም ብዬ ካለፍሁ አንባቢ ይታዘበኛል። ኦዜምፒክና ዌጎቪ በሚባሉት ስሞች የሚሸጠው ሴማግሉታይድ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ጋር አንድ መደብ ውስጥ የሚገባ አይደለም። እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ይሠራል። በትልቁ ጥናት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 15 በመቶ ያህል የሰውነት ክብደት ቀንሷል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትን እንደ ሕመም ለሚያክም ሐኪም ይህን የመሰለ መሣሪያ ከዚህ በፊት አልነበረውም። ነገር ግን 68 ሳምንት «በ7 ቀን» አይደለም። መርፌውን ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል፤ ስለዚህ እንደ ደም ግፊት ክኒን የሚዘለቅበት ሕክምና እንጂ ለሰርግ የሚወጉት አይደለም። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ እንደተገኘ አስጠንቅቋል። ቁጥጥራቸው ጠንካራ በሚባሉ አገሮች ይህ ከሆነ፣ ከዘመድ ሻንጣ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠውን መርፌ ምን ብለን እንመነው?

በሌላ በኩል ያለ ክኒንና ያለ መርፌ፣ በላብና በምግብ ቅነሳ ብቻ የተገኘ ፈጣን ውጤትም መጨረሻው አላማረም። «ቢጌስት ሉዘር» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎችን ተመራማሪዎች ከ6 ዓመት በኋላ ፈልገው አገኟቸው። በ30 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ 41ዱ ተመልሷል። ከኪሎው ይልቅ ተመራማሪዎቹን የገረማቸው፣ የተወዳዳሪዎቹ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያወጣው ካሎሪ ለቁመናቸው ከሚጠበቀው በቀን በ500 ያህል አንሶ መገኘቱ ነው። ክፉ ቀን ያየች ባላገር ጎተራዋን በስስት እንደምትከፍት፣ ሰውነታቸው ከስድስት ዓመት በኋላም እየቆጠበ ነበር። እነዚህን ሰዎች ማነው ሰነፍ የሚላቸው?

ታዲያ ሰው ይህን በከፊልም ቢሆን እያወቀ ለምን ይገዛል?

የማውቃት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ ሥራዋ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ የልጆቿን ምሳ ዕቃ ትሞላለች። 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ናት። ቁርሷ መሥሪያ ቤቷ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት የምትገዛው ቦንቦሊኖና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ነው፤ የሚደርሰውም፣ የሚረክሰውም፣ ቆሞ የሚበላውም እሱ ስለሆነ። ከዚያ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ትውላለች። ምሳ ከቤት የመጣ ፓስታ ወይም ሩዝ። በ10 ሰዓት ልቧ ዝል ሲል ማኪያቶ። 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ወጥታ ሰልፍ፤ ቤት ስትገባ ምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። የልጆች የቤት ሥራ፣ ወጥ፣ የነገ ዝግጅት። የቀኑን ዋና ምግብ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ትበላለች፤ ሳህኑ ሳይታጠብ እንቅልፍ ይጥላታል። ለድካሟ የማይበቃ እንቅልፍ። እንቅልፍ ያነሰው ሰው በማግሥቱ ረሃቡ እንደሚብስ፣ ያውም ጣፋጭና ቅባት እንደሚያምረው ደግሞ በቤተ ሙከራ የታየ ነገር ነው። ቦንቦሊኖው እንዲሁ አልመጣም።

ሐኪሟ ባለፈው ዓመት ስኳሯ ጠርዝ ላይ መሆኑን ነግሯት «በቀን 30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ፣ አትክልት አብዢ፣ ጭንቀት ቀንሺ» ብሏታል። ምክሩ ትክክል ነው፤ አንድም ስሕተት የለበትም። የሚገባበትን ክፍተት ግን ከዚያ ቀን ውስጥ አሳዩኝ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጨለማ ነው፣ ውሻ አለ፣ ሌባ አለ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ለአንዲት ሴት ብቻዋን በፍጥነት መራመድ በከተማው ዳር የሚሞከር አይደለም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ ከሰዓት በኋላ የልብስ ክምር ይጠብቃል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ፣ ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰርግ፤ አንዳቸውም ሳይበላ የሚመለሱበት ቦታ አይደለም። ጂም የሚባለው ደግሞ ወርኃዊ ክፍያው ሳይነሣ፣ መሄጃና መመለሻ ሰዓቱ ብቻ ያስቀረዋል።

ሻጯ የመጣችው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። «ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንድ ፍሬ በሙቅ ውኃ» አለቻት። አለቀ። ከሐኪሙ ምክር፣ ከጂሙና ከአመጋገብ ባለሙያው ሁሉ በዚያች ሴት ቀን ውስጥ ቦታ ያገኘው ይህ ብቻ ነው። ሻጯ የምትሸጠው ጊዜ ነው፤ ገዢዋም የከፈለችው ለጊዜ ነው። ዕቃው የውሸት መሆኑ ፍላጎቱን የውሸት አያደርገውም።

ከዚህ ላይ የእኛን የሁለት ምላስ ነገር ጨምሩበት። ያቺው ሴት ሁለት ኪሎ ቀንሳ ብትታይ «ምነው ከሳሽ? ደኅና አይደለሽም እንዴ?» ትባላለች። ብትጨምር «ተመችቶሻል» ይሏታል፤ ግማሹ ምርቃት፣ ግማሹ ሽሙጥ ነው። በአንድ ሰርግ ላይ አክስቷ «በሞቴ» ብላ ሦስተኛ ጉርሻ ታጎርሳትና ዞር ብላ ለጎረቤቷ «ሰውነቷ አልበዛም?» ትላለች። በዚህ አገር መክሳት የችግርና የሕመም ምልክት ሆኖ የኖረበት ምክንያት አለው፤ ረሃብ ያየ ሕዝብ ነን። የወንዱ ቦርጭ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሹመትና የሀብት ማኅተም ነበር። የቀጭን ሴት ፎቶ በስልካችን የገባው ግን ይህ ሳይለቅ ነው። በዝግታ መክሳት ለወራት «ምን ሆነሽ ነው?» እያሉ መጠየቅን ያስከትላል። በሳምንት የሚሆን ነገር ቢያንስ ከጥያቄው ያስጥላል።

ቁጥሩም ሁለቱን ኢትዮጵያ ጎን ለጎን ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ መሆናቸውን መዝግቧል። ውፍረቱ በገጠር 4 በመቶ ሲሆን በከተማ 21 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገር ደረጃ 3 በመቶ ብቻ ነበር። የከተማዋ ሴት ከገጠሯ እኅቷ ይልቅ ፈቃደ ደካማ ሆና አልተፈጠረችም። የተለያየው ቀናቸው ነው።

ይህን ከማንም በላይ ያሳዩት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1983 በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ሲገቡ፣ አብዛኞቹ ከጎንደርና ከአካባቢው ገጠር የመጡ፣ ቀጫጭን ነበሩ፤ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይገኝም ነበር። ጥቂት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ሐኪሞች በሽታውን በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር ያዩ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ክብደት፣ ገና «ወፍራም» ሳይባሉ፣ ስኳር እንደሚይዛቸው አሳይተዋል። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ጤፍና ዳጉሳው በነጭ ዳቦ፣ የእግር መንገዱ በአውቶቡስ መተካቱ ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ሳንሳፈር ያንኑ ጉዞ እየተጓዝን ነው።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ልበል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። የሚመክረው በአብዛኛው አያቶቻችን ሲበሉት የኖሩትን ነው፦ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ያልተፈተገ እህል። የኦርቶዶክስ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ የሚጾምባት አገር ናት፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ አተር ክኩ በሌላው ዓለም የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚያሞግሰው ዓይነት ምግብ ነው። ሆኖም ሁዳዴ ሲፈታ «በጾም ወፈርኩ» የሚል ስንቱ ነው። ምሥጢሩ ድስቱ ውስጥ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የጾም ወጥ ላይ ዘይቱን በማንኪያ የሚለካ ቤት ደግሞ አላየሁም፣ የሚንቆረቆር ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ እንጀራው ውስጥ ገባ፣ ፓስታ ምሳ ሆነ። ከሸማቾች ማኅበር በወረፋ የሚገኘው ዘይት ብዙ ጊዜ ፓልም ነው። አትክልት ቢገዛም ማጠቢያ ውኃው በፈረቃ ነው፤ መክተፊያ ጊዜውም እንዲሁ። በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ከ95 የሚበልጡት የተመከረውን ያህል ፍራፍሬና አትክልት እንደማይበሉ አግኝቷል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ግድየለሽ አይሆንም። ጾሙን ራሱን ቦርጭ ማጥፊያ አድርጎ የሚሰብክ ሰውም በቅርቡ በዝቷል፤ ለነፍስ የተሠራን ነገር ለሱሪ ቁጥር ማዋል ጾሙን አያከብረውም፣ ቦርጩንም አላጠፋውም።

ዝግተኛው መንገድ ዋጋ እንዳለው የሚጠራጠር ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታወቀውን የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ይመልከት። ስኳራቸው እንደዚያች የባንክ ሠራተኛ ጠርዝ ላይ የነበረ ከ3,200 የሚበልጡ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ በ6 ወር ውስጥ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። 7 በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ማስታወቂያው በሳምንት የሚሸጥልን ያው 5 ኪሎ መሆኑ ነው! ብቻ ይህኛው እውነተኛ ስብ ነበር፣ የመጣውም በ6 ወር ነው። ሰዎቹ ግን «አፋችሁን ያዙ» ተብለው አልተሸኙም። እያንዳንዳቸው የሚከታተላቸው ባለሙያ ተመድቦላቸው፣ 16 ትምህርት ለብቻቸው ተሰጥቷቸው፣ በየጊዜው እየተደወለላቸው ነው። የእኛ ሰው የሚያገኘው ደጅ ላይ 60 ሰው ከሚጠብቀው ሐኪም የሁለት ደቂቃ ምክር ነው። ሻጯ ግን ትደውላለች፣ «እንዴት ሆንሽልኝ?» ትላለች፣ በድምፅ መልእክት ታበረታታለች። መንግሥት ያልሰጠውን ክትትል የሰጠችው እሷ ናት፤ በዚህ እንኳ አልቀየማትም።

ምንም አልተሠራም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴና ባልደረቦቹ በ1994 ዓ.ም. የጀመሩት ታላቁ ሩጫ በኅዳር ወር ከተማውን ያስሮጣል። ከኅዳር 2011 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ አስፋልቱን ለእግረኛ ከፍቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥን ቀርጧል፤ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መሐል ከተማ ላይ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ ማታ ሰው ሲንሸራሸርበት ማየት ደስ ይላል። ቅሬታዬ በቦታው ነው። መንገዱ ያማረው መሐል ላይ ሲሆን ሕዝቡ ወደ ዳር ሄዷል። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ያለ ሰው በዚያ መንገድ ለመራመድ መጀመሪያ ሁለት ታክሲ መያዝ አለበት። በዓመት አንድ ቀን ሩጫና በወር አንድ እሑድ ደግሞ ለደስታ እንጂ ለስኳር በሽታ መከላከያ አይበቁም። አውቶቡሱ በሰዓቱ ቢመጣና በሰፈሩ መብራት ያለው የእግር መንገድ ቢኖር፣ ያቺ ሴት በቀን አንድ ሰዓት ይተርፋታል። ከዚያ በኋላ ባትራመድ ሰነፍ ሊሏት ይችላሉ።

እስከዚያው ለአንባቢ የምለው ጥቂት ነው። ሚዛኑን ለጊዜው ተዉትና የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። በእምብርት ዙሪያ ሲለካ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግፊትና ስኳር መታየት አለበት፤ ሰው «ተመችቶሻል» አለም አላለም። በድስታችሁ ውስጥ የሚገባውን ዘይት በማንኪያ ለኩ፣ ከሻዩ ስኳር አንድ ማንኪያ ቀንሱ፤ ይህ ሰዓትም ገንዘብም አይጠይቅም፣ እንዲያውም ያተርፋል።

የክብደት መቀነሻ ሻይ፣ እንክብል ወይም መርፌ እየወሰዳችሁ ያላችሁም ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ልብ መምታት፣ መድከም፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ ወይም እንቅልፍ ማጣት ካለ ዛሬውኑ አቁሙና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ማሸጊያውን አትጣሉት፤ ይዛችሁት ግቡና ለሐኪሙ አሳዩት፤ አፍራችሁ የደበቃችሁት እንደሆነ የሚታከመው ሌላ በሽታ ነው። ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ሻጯን «በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሷን ከባለሥልጣኑ በ8482 ነፃ የስልክ መስመር አረጋግጡ፣ እስኪረጋገጥ ብሩን ያዙት።